ንቦቹ ይሰማሉ

አይ! ተዉኝ እስቲ! "ዱላ ነው ሰው ያደረጋችሁ" አትበሉኝ። ትናንት ባጃጅ ተራው ላይም አንዱ "አባትህ ባይገርፍህ ኖሮ ይሄኔ ዱርዬ ነበርክ" ብሎኝ ተጣላን። እኔን አትዩ! እኔ ሌላ ፍጥረት ነኝ። ቦንጋ ውስጥ እንደኔ ባጃጅ የሚነዳ የለም፤ ያንን ዳገት በዝናብ በጭቃ፣ ተሳፋሪውን እያሳቅኩ ነው የምወጣው። ትምህርት? አራተኛ ክፍል ላይ ተነጋግረን በሰላም ተለያየን። ዱላ ሲመጣ ቀልድ አወራለሁ፤ አባዬን ሳቅ ሲያመልጠው እኔ በአጥር አመልጣለሁ። ታናሽ ወንድሜ ምትኩ ግን ቀልድ አያውቅበትም። እሱን ነው ማየት።

ያደግነው ከቦንጋ ወጣ ብሎ ማንኪራ ነው። አባዬ ጫካ ውስጥ ረጃጅም ዛፍ ላይ ቀፎ ይሰቅል ነበር። ማር የሚቆርጥ ሰው ዛፍ ላይ አይጮህም፣ ጩኸት ንብ ያስቆጣል ይላል። ይሁን፣ እዛ ልክ ነው። አባዬ ግን ሕጉን ቤት አስገባው። ስንስቅ "ዝም! ንቦቹ ይሰማሉ።" ስናለቅስ "ንቦቹ ይሰማሉ።" ቤታችን እኮ አንድ ንብ አልነበረም! የነበረው አለንጋ ነው። ምትኩ ተገርፎ ሲያለቅስ፣ ስላለቀሰ ደግሞ ይገረፋል። እንባው ደረቀ።

ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ የማር ሰሞን፣ ከጎረቤታችን ከጋሽ ወልዴ ጋር ጫካ ወጣን። ቆጮ በሚጥሚጣ በላን፤ አሁንም አፌ ላይ አለ። አባዬ ምትኩን "ውጣ" አለው።

"ትንሽ ነው እኮ፣ እኔ ልውጣ" አልኩ።

"አንተ ዛፍ ላይም ታወራለህ።"

ምትኩ በገመድ ወጣ፤ ገመዱ ከዳው። እንደ ቡና ጆንያ ዱብ ሲል ሰማን። ጩኸት ግን የለም። ጋሽ ወልዴ "ኧረ ልጁ!" እያሉ ሮጡ። ምትኩ ከንፈሩን ነክሶ ቁጭ ብሏል።

"አመመህ?" አሉት።

"ምንም።"

ማንንም አመስግኖ የማያውቀው አባዬ ጭንቅላቱን ዳበሰው። "ጎበዝ! የኔ ልጅ!" ምትኩ ፊቱ በራ። ያ ፊት ነው የሚገለኝ።

አዝዬው ገባሁ። ወጌሻዋ እትዬ አስካለ መጥተው እግሩን ያዙ። ወጌሻ የሚሠራው በጩኸት ነው፤ ሲጫኑህ "ዋይ!" ስትል ቦታው ይገኛል።

"እዚህ ጋ ነው? እዚህስ?"

ምትኩ አባዬን ያያል። "ምንም።"

"አልቅስ እንጂ የኔ ጌታ፤ ካላለቀስክ በምን ልወቅ?"

"የኔ ልጅ አያለቅስም!" አለ አባዬ፣ ደረቱን ነፍቶ።

"እኔ ልጩህለት?" አልኩ። የዛን ቀን ማንም አልሳቀልኝም።

ወለምታ ነው ብለው በቅቤ አሽተውት ሄዱ። ለካ ተሰብሯል። አጥንቱ ተጣሞ ገጠመ።

እግሩስ ይሁን፣ ስንት አንካሳ ስቆ ይኖራል። ምትኩ ጎረምሳ ሲሆን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛት ጀመረ። ትምህርቱን ተወ፣ ምግብ ቀነሰ። በባጃጄ ሐኪም ጋ ወሰድኩት። "ምንህን ነው የሚያምህ?" ሲሉት፣ "ምንም።" የኔን ቀልድ ሁሉ ጨርሼበታለሁ፤ አንድ ጥርሱን አላየሁም።

አባዬ አሁን አርጅቶ እኔና ምትኩ ጋ ነው የሚኖረው። ዛሬ ጠዋት ቆጮ በማር ይዞ የምትኩ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። "ልጄ፣ አንድ ቃል ተናገረኝ። ስድብም ይሁን።" ምትኩ ግድግዳውን ያያል። ሽማግሌው እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። ያኔ ምትኩ ሳይዞር፣ ቀስ ብሎ፣ ክፋትም ሳይኖርበት፣ "ዝም በል" አለው። "ንቦቹ ይሰማሉ።"

አሁንም ዱላ ሰው ያደርጋል በሉኝ! ማንኪራ ሂዱና ጋሽ ወልዴን ጠይቁ። እትዬ አስካለን ጠይቁ። አባዬንም ጠይቁት፣ ዛሬ ይናገራል። እዛ የነበረውን ሁሉ ጠይቁ። ምትኩን ከጠየቃችሁት ግን "ምንም" ነው የሚላችሁ።