በሞቴ የማይባልበት መንገድ

ናይሮቢ ረዳት ቀያሽ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ችካል፣ መዶሻና የመለኪያ ሜትር ተሰጠኝ። ከደርግ ሸሽቼ በሞያሌ የገባሁ ሰው ነኝ። የሙከራ ጊዜዬን ካላለፍኩ የሥራ ፈቃድ የለም፤ ፈቃድ ከሌለ ደግሞ ፖሊስ ባየሁ ቁጥር ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው።

አለቃዬ ጋሽ ተፈራ ነበሩ። ዋና ቀያሽ ናቸው፤ ናይሮቢ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ብዙ ዘመን ስለኖሩ አማርኛቸው ውስጥ ስዋሂሊ ጥልቅ ይላል።

«ወደ ናይቫሻ የሚወስደውን አሮጌ መንገድ ካርታው አያውቀውም» አሉኝ። «በእግርህ ሂድ። በየከተማው አንድ አንድ ምዜ፣ አንድ አንድ ሽማግሌ ፈልግና በየት በየት ያልፍ እንደነበር ጠይቅ። ፖሌ ፖሌ፣ አትቸኩል።»

ኪኩዩ ከተማ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ አገኘሁ። ሚስታቸው በወተት የፈላ ሻይ ይዛልኝ መጣች። ከማለዳ ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም። ግን ያደግኩበት ወግ አለ፦ «ኧረ አሁን በልቼ ነው የወጣሁት» ትላለህ፤ ባለቤቱ «በሞቴ» ይላል፤ ታንገራግራለህ፤ «አፈር ስሆን» ይላል፤ ከዚያ እንደተገደደ ሰው ትበላለህ።

«አሳንቴ፣ አመሰግናለሁ፣ ጠግቤያለሁ» አልኩ።

«ሳዋ» አለች፣ እሺ እንደማለት፤ ኩባያውን ይዛ ተመለሰች። ዓይኔ እስከ ጓዳ ድረስ ሸኛት። ሽማግሌው ከዚያ በኋላ ስለ ዝናቡ ብቻ አውርተው አሰናበቱኝ።

በሌሎቹም ከተሞች ያው ሆነ። ከስቼና ባዶ ካርታ ይዤ ተመለስኩ።

«ይሄ ሁሉ ከተማ ታሪክ የለውም?» አሉ ጋሽ ተፈራ።

«አይነግሩኝም፣ ጋሼ።»

«ሻይ አልሰጡህም?»

«ሰጥተውኛል። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት… በሞቴ እስኪሉኝ።»

እስኪያስላቸው ሳቁ። «እዚህ አገር አይ ካልክ አይ ነው! የሰው ሻይ ገፍተህ የሰው መንደር ስትመረምር የቀበሌ ካድሬ ነው የምትመስለው።» ከዚያ ሳቃቸውን ዋጡ። «ሰኞ ሊሙሩ ትሄዳለህ። መንገዱን ካላመጣህ ግን ፖሌ ሳና፣ በጣም አዝናለሁ፣ ላስቀጥርህ አልችልም።»

ፈራሁ። ሊሙሩ ማማ ዋንጂኩ የሚባሉ ድንች ሻጭ አሮጊት በራቸው ላይ ካለ ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። ሻይ ሰጡኝ፤ ጠጣሁ። ደገሙኝ፤ ጠጣሁ። ቅቅል ድንች መጣ፤ እሱንም በላሁ። የእኛን አጥሚት የመሰለ ኡጂ ሲከተል ጎረቤት ሊያየኝ ተሰብስቧል።

«ይህ ልጅ የት አገር ነው የከረመው?» አለ አንዱ።

«ተዉት፣ ይብላ» አሉ ማማ፤ ደስ ብሏቸዋል። እየቀዱልኝ ሁሉንም ነገሩኝ፦ መንገዱ አሁን ባቄላ በዘሩበት ማሳ ያልፍ እንደነበር፣ የህንዱ ሱቅ የት እንደነበረ፣ እስረኞች ድንጋይ የሚፈልጡበትን ቦታ ጭምር። እጄ ከመጻፍና ከመጉረስ አላረፈም።

«እዚህ አካባቢ ስንት ማይል እንደሆነ የተቀረጸበት የመንገድ ድንጋይ ነበረ ይባላል። የት ሄደ?» አልኳቸው በመጨረሻ።

«ተነሣ» አሉኝ።

መነሣት አቃተኝ። ሁለት ጎረቤቶች እጄን ይዘው ጎተቱኝ። ከተቀመጥኩበት ድንጋይ በስተኋላ በኩል፣ ጭቃው ሲፈቀፈቅ፣ የተቀረጸ ቁጥር ታየ።

ጋሽ ተፈራ መጥተው ችካሉን ከድንጋዩ አጠገብ ራሳቸው መቱት። ተቀጠርኩ። የደስ ደስ ብለው ቤታቸው ለምሳ ጠሩኝ፤ ባለቤታቸው ወጡን አውጥተው ሳይጨርሱ እጄን ሰደድኩ።

«ኧረ በሞቴ እንኳ ሳልል!» አሉ ሴትዮዋ።

ለወጣት ቀያሾች የምለው ይህን ነው። የቀረበልህን ጠጣ፣ ከዚያ ጠይቅ። ከመቀመጥህ በፊት ደግሞ ድንጋዩን ዞረህ እይ።