ጾም የገደፈችው ሞተር

ዛሬ ጠዋት የባለቤቴን የኤሌክትሪክ መፍጫ በሞተር ዘይት ቀባሁት። ያደረግኩት በክፋት አይደለም፤ በዕውቀት ነው፤ የባሰውም እሱ ነው። መፍጫው ሰሞኑን እንደተረገጠ ድመት ይጮኽ ነበር። እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ጋራዡ ደጅ ከሞተረኞቹ ጋር ሻይ የምጠጣ ሰው ስለሆንኩ የማላውቀው ነገር የለም። እዚያ ለሁሉም ነገር ምክር አለ። አንዱ ካንዴላ በምን እንደሚጸዳ ሲያስረዳ ሌላው የሶላር አምፖሉ ማታ ማታ ለምን እንደሚደክም ይጠይቃል፤ ከፍሬን ሸራ ተነስተን የኤሌክትሪክ ምጣድ ሽቦ ላይ እንደርሳለን። ትናንት አንድ ባለባጃጅ፣ «ጋሽ አበራ፣ የሚጮኽ ነገር ሁሉ የሚፈልገው ዘይት ነው» አለኝ። እሱ ስለ ሞተር ነበር የሚያወራው። እኔ ግን ምክሩን ይዤ ወጥ ቤት ገባሁ።

ባለቤቴ ደብሬ ለጾሙ ተልባ ልትፈጭ ተነስታ ነበር። ፈጨች፣ በጠበጠች፣ አንዴ ተጎነጨች። ከዚያ ብርጭቆውን ቀስ ብላ አስቀምጣ አየችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ተልባ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?»

ላስረዳት አፌን ከፈት ሳደርግ እጇን አነሳች። «ተወው። ሂድና የልብስ ሳሙና ግዛ፣ ደረቁን። አጣቢውም አንተ ነህ።»

ሄድኩ። ባለሱቁ ሳሙናውን ሲሰጠኝ እንደ ልማዴ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት፤ አስጠግቼም እዚያው ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። ባለሱቁ ልጅ ደነገጠ። በእኔ ዕድሜ ብቻውን የሚስቅ ሰው ቤተሰብ እንደሚጠራለት ስለማውቅ ቶሎ ወጣሁ። የደረቅ ሳሙና ሽታ ለሰው የእጥበት ቀን ነው። ለእኔ ግን የሽምግልና ቀን ነው።

ያኔ ላሊበላ የምኖር ወጣት ነበርኩ፤ ፀጉርም ነበረኝ። ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣች አሮጌ ሞተር ነበረችኝ። ነዳኋት ከምል አስታመምኳት ብል ይቀላል። በእሷ በየገበያው እየዞርኩ ራዲዮና ቴፕ እጠግናለሁ። ሙጃ ገበያ ላይ አንድ ቀን አያ ወልዴ የሚባሉ ገበሬ ዝም ያለች ራዲዮ አመጡ። ራዲዮኗን በነጠላ ጠቅልላ የያዘችላቸው ልጃቸው ደብሬ ነበረች። የራዲዮኗ በሽታ ባትሪዋ ተገልብጦ መግባቱ ብቻ ነበር። እኔ ግን ፊቴን አጨማድጄ፣ «ይሄ ከባድ ነው፤ በሚቀጥለው ገበያ ብቅ በሉ» አልኩ። በሚቀጥለውም ገበያ እንደዚያው አልኩ። በመጨረሻ ደብሬ ራሷ ባትሪውን አውጥታ ገልብጣ ከተተችና ራዲዮኗ መናገር ስትጀምር፣ አባቷ ሳያዩ ሳቅ አለች። በዚያች ሳቅ አለቀልኝ።

አያ ወልዴ ግን በቀላሉ የሚገኙ ሰው አልነበሩም። «ሞተር ላይ የሚኖር ሰው ምን ቤት አለው?» ይሉ ነበር አሉ። በዚያ ላይ የወፍጮ ቤት ባለቤት ልጅም ደብሬን ይጠይቃል፤ እሱ የቆርቆሮ ቤት አለው። ብዙ ከተለመኑ በኋላ አንድ ቃል ላኩልኝ። ለጥር ሠርግ የሚፈልግ ሰው ሽማግሌዎቹን በታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት ይላክ፤ ያን ዕለት ካልመጣ ለወፍጮ ቤቱ ልጅ ቃል እሰጣለሁ የሚል።

ሁለቱ ሽማግሌዎቼ በዋዜማው በበቅሎ ቀደሙ። ሦስተኛውና ዋናው የነፍስ አባቴ ቄስ ይመር ነበሩ። ያለ እሳቸው ሁለቱ አፋቸውን አይከፍቱም፤ ከላሊበላ ቄስ ይዞ የመጣ ሰው ነውና የሚከበረው። ቄስ ይመር ግን የገብርኤል ዕለት ማገልገል አለባቸው። ስለዚህ ታቦቱ እንደገባ እኔ በሞተር ላደርሳቸው ተስማማን። «በቅሎም መጀመሪያ ያስፈራል» አሉ፣ ራሳቸውን ሲያጽናኑ።

ችግሩ የኋላውን ጎማ የምታዞረዋ ካቴና ነበረች። ደርቃ እሪ ትላለች። በዋዜማው ከተማውን ብዞር ጠብታ ዘይት ጠፋ። ያኔም እንደ አሁኑ ምክር የሚሰጡ ሞተረኞች አይታጡም፤ የዚያ ዘመን ምክር ደግሞ «ዘይት ከጠፋ ቅባት ያለው ነገር ሁሉ ይሆናል» የሚል ነበር። እናቴ ለገና ያስቀመጠችው የተነጠረ ቅቤ ነበረ። ከዳር ትንሽ ዘገንኩና ካቴናዋን ቀለበት በቀለበት አጠጣኋት። ጸጥ አለች። በብልሃቴ ተደንቄ ተኛሁ።

በማግሥቱ ቄስ ይመር ጥምጥማቸውን በጨርቅ አስረው፣ መቋሚያቸውን እንደ ጠመንጃ ጀርባቸው ላይ አንግተው፣ ንጹሕ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከኋላዬ ተቀመጡ። ወገቤን ያዙኝ፤ እስከ ዛሬ እንደዚያ አድርጎ የያዘኝ ሰው የለም። ከአሸተን ማርያም ተራራ ሥር ያለውን ዳገት ተያያዝነው። የታኅሣሥ ፀሐይ ትታያለች እንጂ አታሞቅም። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፤ አውድማ ላይ በሬዎች ይሽከረከራሉ፤ ገለባው በነፋስ እየመጣ ጥርሳችን ውስጥ ይገባል። ደስ ይል ነበር። ካቴናዋ እስክትግል ድረስ።

«አበራ» አሉ ከኋላ።

«አቤት አባ።»

«ዶሮ ወጥ ሸተተኝ።»

«ከመንደሩ ይሆናል አባ።»

«መንደሩን ካለፍን ቆየን።»

ፍጥነት ጨመርኩ። ኮሰረቱ፣ ኮረሪማው፣ ሁሉም በየተራ እየተነሳ ነው። ሰውየው ቀድሰው የወጡ፣ እህል ያልቀመሱ፣ ጾም ላይ ያሉ ቄስ ናቸው።

«አበራ።»

«አቤት።»

«ወጡ እየተከተለን ነው።»

ከዚያ ጎንበስ ብለው ጋቢያቸውን አዩት። ጫፉ በቢጫ ነጠብጣብ ተዥጎርጉሯል። «አቁም!» ብለው ጮኹ፤ ሳላቆምም ዘለሉ። እሳቸው በእግራቸው ቆሙ። እኔና ሞተሯ ግን በጎናችን ተኛን፤ የቤንዚን ታንከሯም ሹል ድንጋይ አገኘች። ስነሳ ቤንዚኑ ጠብ ጠብ ይላል። ጣቴን ቀዳዳው ላይ አድርጌ ቀና አልኩ።

«ምን ቀባሃት?»

«ቅቤ ነው አባ።»

«ንጥር?»

«ንጥር።»

«በነቢያት ጾም?»

«እኔ አልቀመስኩም አባ። የገደፈችው ሞተሯ ናት።»

ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም። «ስማኝ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፤ ከጩኸቱ ይልቅ ያ አስፈራኝ። «አሁን እኔ በዚህ ጋቢ አያ ወልዴ ቤት ገብቼ፣ ልጅዎን ለጨዋ ልጅ ይስጡ ብል፣ 'ቄሱ ራሱ ከቅቤ ድስት ተነስቶ መጣ' ቢሉኝ ማን ይፈርድባቸዋል? ነጭ ልብስ ለብሼ ካልሄድኩ አልገባም። አንተም ልጅቷን እርሳት።»

በቀዳዳ ታንከርና በተቀባ ጋቢ መሃል ቆሜ የወፍጮ ቤቱ ልጅ የቆርቆሮ ጣሪያ በዓይኔ መጣብኝ።

ወደፊት መንገድ ዳር አንዲት ሱቅ ትታይ ነበር። አንድ ጣቴን ቀዳዳው ላይ እንዳደረግኩ፣ በሌላው እጄ መሪውን ይዤ፣ ቄስ ይመር በጾም አፋቸው እያጉረመረሙ ከኋላ እየገፉ ደረስን። ባለሱቁ ሰይድ የሚባል የእኔ እኩያ ነበር። ከሩቅ አይቶን፣ «አብሽሩ! አብሽሩ!» እያለ ሮጠ። እኔን ይደግፋል ስል ሞተሯን ደገፈ። ያኔ ነው ግድግዳው ላይ የተደገፈችውን፣ የፊት ጎማ የሌላትን የራሱን ሞተር ያየሁት። ወንድሜን አገኘሁ ማለት ነው።

«ጧፍ ካለህ በሰሙ ልድፈነው» አልኩት።

«ወላሂ አትሞክራት! ሰምን ቤንዚን ይበላዋል። ሳሙና ነው፣ ደረቅ ሳሙና። ቤንዚን ሳሙና አያውቅም።» ወደ ሱቁ ገብቶ ግን ራሱን እያከከ ወጣ። «የቀረችኝ አንዲት ናት። እሷንም ባለቤቴ ከድጃ ለልብስ እጥበት አስቀምጥልኝ ብላኛለች።»

ቄስ ይመር ጋቢያቸውን ዘርግተው አሳዩት። ሰይድ ጋቢውን አየ፣ አሸተተው፣ እኔን አየኝ። ቅቤ መሆኑ ሲገባው ሱቁ ደጅ ላይ ተቀመጠ፤ ሳቁ አላስቆም ስላለው። ሲበቃው ሳሙናዋን በቢላ ለሁለት ከፈላት። ግማሿን ለታንከር፣ ግማሿን ለጋቢ። «ከድጃን እኔ እችላታለሁ» አለ፤ ፊቱ ግን እንደማይችላት ይናገር ነበር።

ቄስ ይመር ጋቢያቸውን በገንዳ ሲያሹ እኔና ሰይድ ሳሙናውን እያለሰለስን ቀዳዳው ውስጥ ጠቀጠቅን። ጠብታው ቆመ። በዚያው ብንሄድ ጥሩ ነበር። ግን ሞተር የሚወድ ሰው ሌላ ሞተር የሚወድ ሲያገኝ እንዲህ በቀላሉ አይለያይም። እሱ ካርቡራተሬ ለምን እንደሚያስል ነገረኝ። እኔ የሱቁ ቴፕ ዘፋኙን ሁሉ እንደ በሽተኛ ለምን እንደሚያስጎትት ነገርኩትና ከብስክሌት ካላማዳሪ፣ ከውስጠኛው ጎማ፣ ቀጭን ቀለበት ቆርጬ ካሴቱን በሚያዞረው የላላ ላስቲክ ፋንታ ገጠምኩለት። ቴፑ ድምፁን አስተካክሎ ሲዘፍን ሁለታችንም እንደ ሕፃን ዘለልን። ስለ ካንዴላ ልንጀምር ስንል ከኋላችን ጉሮሮ ተጠረገ። ቄስ ይመር እርጥብ ጋቢያቸውን ይዘው በነፋሱ ይንቀጠቀጣሉ።

«እናንተ ልጆች፣ እኔ የተላክሁት ለሚስት ነው ወይስ ለካርቡራተር?»

ሰይድ ኮቱን አውልቆ አለበሳቸው። ካቴናዋን በጨርቅ ጠራርጎ የራሱን ዘይት ቀባልኝ። ቄስ ይመር ጋቢያቸውን በሁለት እጃቸው ወደ ላይ ዘርግተው ያዙ፤ ነፋሱ እንዲያደርቀው። እንደዚያ ሆነን፣ ከኋላ እንደ ባንዲራ የሚውለበለብ ጋቢ ይዘን ሙጃ ደረስን። አውድማ ላይ የነበሩት ሰዎች ሥራ አቁመው አዩን። አንዳንዶቹም ተሳለሙ።

ሽማግሌ የሚላክለት ሰው ደጅ ላይ አይታይም። እኔ ከድንጋይ ካቡ ኋላ ሞተሬ ሥር ተደበቅሁ። ቄስ ይመር ኮቱን አውልቀው፣ የነጣ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ደጅ ሲጠብቁ ከነበሩት ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ገቡ። ፀሐይዋ ወደ ተራራው እያዘነበለች ነበር። ከዚያ የአያ ወልዴ ድምፅ ተሰማ።

«አባ፣ ሳሙና ሳሙና ይሸታሉ። ምነው፣ መንገድ ላይ ነው እንዴ የታጠቡት?»

ቄስ ይመር መዋሸት አያውቁም። ሁሉንም አንድ በአንድ ተናገሩ፤ ዶሮ ወጡን፣ ድንጋዩን፣ ጣቴን፣ ሳሙናዋን። ሲጨርሱም፣ «አያ ወልዴ፣ ሞተሯ ጾም ገድፋለች። ልጁ ግን ጾሟል። ሊደርስ ብሎ የእናቱን ቅቤ ለብረት ያበላ ሰው፣ ልጅዎን አያስርባትም» አሉ።

ከዚያ ከጓዳው በኩል ሳቅ ተሰማ። የማውቀው ሳቅ ነበር፤ ያ የባትሪው ሳቅ፣ አሁን ግን ያልተሸሸገ። ቀጥሎ አያ ወልዴ ሳቁ፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ። «እንግዲህ እሷ ሳቀች፤ እኔ ምን ቀረኝ?» ሲሉ ሰማኋቸው። እኔም ከካቡ ኋላ ቆሜ ሞተሬን ሳምኳት። ከንፈሬ ኮሰረት ኮሰረት አለኝ። ሳላስበው እኔም ገደፍኩ።

በማግሥቱ ስመለስ ኮቱን ለሰይድ አደረስኩ። ከሠርጉ በኋላ ደግሞ ደብሬን ይዤ፣ አዲስ ሳሙና በወረቀት ጠቅልዬ ሄድኩ። አልቀበልም አለ።

«አሁን ይቺን ብቀበልህ ደግሞ ምን ብለህ ትመጣለህ? ተዋት፣ ዕዳህ ትሁን።»

ከዚያ ወዲህ ስንት ሳሙና ይዤ እንደሄድኩ አላውቅም። አንዱንም አልተቀበለኝም። በሄድኩ ቁጥር ግን የሆነ ነገር ይዞ ይጠብቀኛል፦ የማትበራ የሶላር መብራት፣ የሚያንቀላፋ ራዲዮ፣ አንድ ጊዜማ የከድጃ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ እሱን አብረን አቃጠልነው። አሁን ጉልበቱ ስለከዳው ከደጁ አይርቅም። ሞተሩ ግን አሁንም ግድግዳው ላይ እንደተደገፈች ናት፤ ጎማ ልገጥምላት ነው እያለ።

መፍጫውን አጥቤ ጨርሻለሁ። አሁን የሚሸተው ሳሙና ነው፤ ደብሬ ይሻላል ወይስ ይብሳል የሚለውን ገና አልወሰነችም። ሳሙና የገዛሁት ሁለት ነበር፤ አንዱ ሳይከፈት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አየችውና ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም። «ጋቢህን ልበስ፣ ብርድ ነው» አለች ብቻ። ነገ ጠዋት ደብሬን ከኋላዬ አስቀምጬ፣ ሳሙናዬን ኪሴ ከትቼ ወደ ሰይድ እሄዳለሁ። ዘንድሮም እንዳይቀበለኝ እየጸለይኩ።