ሦስተኛው ካሴት በደሴና በኮምቦልቻ

የቴፕ ቁልፍ ሲጫን መጀመሪያ ቀጭ ይላል፣ ቀጥሎም ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት በሩቁ እንደሚዘንብ ዝናብ ያለ ሽ የሚል ድምፅ ይሰማል። ባለፈው ሳምንት ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ሬዲዮው የድሮ ዘፈን ሊያሰማ ሲል ያው ድምፅ ቀድሞ መጣና፣ ዘፋኙ ማን እንደሆነ እንኳ ሳልለይ፣ ልቤ ሰኞ ገበያ ከነበረው ከአባቴ ሱቅ ገብቶ ከከሰል ካውያው አጠገብ ቁጢጥ አለ።

አባቴ ሰይድ ልብስ ሰፊ ነበር። እጁ የተባረከ ነው ይሉታል፤ ክርክር ላይ ግን ወደ ኋላ ማለት የሚባል ነገር አያውቅም፣ ሱሪ አሳጥሮ ሰፍቶ እንኳ ጥፋቱ የደንበኛው እግር ነው ብሎ ሲሟገት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሱቁ ውስጥ ከጨርቁ መደርደሪያ በላይ አንድ ቴፕ ነበረችው፣ በእሷም ከጠዋት እስከ ማታ የሚዘፍነው ቀጋ ባንድ ነበር። ቀጋ ባንድን ወደ ቤታችን ያመጣው ታላቅ ወንድሜ ኡመር ነው። ኡመርና ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራው የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ ይማም፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ካሴቶች ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ይዘዋቸው ነበር፤ አጎቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ደሴ በወጣ ቁጥር አንዱ በአፉ ጊታሩን፣ ሌላው ሳክስፎኑን እየሆኑ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የነበረውን ቤታችንን ያናውጡት ነበር። አባቴ መጀመሪያ «ይህ ጩኸት ነው» ይል ነበር፣ ኋላ ግን ከሁለቱ ብሶ ቁጭ አለ።

ሦስተኛው ካሴት በወጣበት ዓመት መስከረም ላይ ኡመር ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ሄደ። ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጻፈልን፣ ከዚያ ቀጥ አለ። ስለ ግንባሩ ጮክ ብሎ መጠየቅ የሚያስጠይቅበት ዘመን ስለነበር፣ አባቴ ከሥራ መልስ እናቴን ዓይን ዓይኗን ያያታል፣ እሷም ራሷን ትነቀንቃለች፣ በዚያው ይበቃል።

የቀጋ ባንድ ሦስተኛው ካሴት የመጣው ኅዳር ላይ ነው። ሳክስፎኑ ቀርቶ ኦርጋን ገብቶበት ነበርና የአባቴ ሱቅ ለሁለት ተከፈለ። ወጣቶቹ «እነዚህ ሰዎች ዘፈን ትተው ለቅሶ ጀመሩ» እያሉ ሲያማርሩ፣ ሁልጊዜ ከበሩ ዳር የሚቀመጥ አንድ የጂኦግራፊ መምህር ደግሞ ባንዱ በሰለ፣ ሰከነ፣ ችኮላ የጅማሬ ነገር ነው እያለ ልክ እንደ ክፍል ውስጥ ጣቱን ቀስሮ ያስረዳ ነበር። አባቴ ከመምህሩ ወገን ነበር፣ ነገሩ ግን ከብስለትም ከስክነትም አይደለም። በካሴቱ ውስጥ መንገድ ዳር ቆሞ የሄደበትን ሰው ስለሚጠብቅ አንድ ሰው የሚዘፈን ዘፈን አለ፤ ድምፁ ከብዶ፣ እግሩን እየጎተተ ይመጣል። ያ ዘፈን ሲደርስ አባቴ የስፌት መኪናውን ፔዳል ያቆምና እጁን ጨርቁ ላይ ጭኖ እስኪያልቅ ይጠብቅ ነበር። ለማን እንደሆነ አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅነውም።

ጥር ላይ የአጎቴ ይማም ልጅ ሐዋ ተዳረችና ሁላችንም ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። ሰዓት እላፊው ሳይደርስ እንዲያልቅ ሰርጉ የተጀመረው በጠዋት ነበር፤ ዳሱ ውስጥ የፋብሪካ ጎረምሶች ሞልተው እየጨፈሩ ሳለ ያ ዘፈን ተከፈተ። ዘፈኑ ያው ነው፣ ግጥሙም ያው፣ ነገር ግን ይሮጣል፤ ያ መንገድ ዳር ቆሞ ሲጠብቅ የኖረው ሰው ትከሻውን እየነቀነቀ መጣ። አጎቴ ራሱ መሐል ገብቶ ይጨፍር ነበር። አባቴ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ወደ እሱ ሄደ።

«ይማም፣ ይህን ዘፈን ማነው ያራወጠው?»

«ማንም አላራወጠውም ጋሽ ሰይድ፣ እንዲሁ ነው የመጣው። ወላሂ የዘንድሮ ሰርግ ያለ እሱ አይደምቅም።»

«በዚህ ትጨፍራላችሁ? በዚህ?»

አጎቴ ነገሩ አልገባውም ነበር፣ በዚያ ላይ የሙሽራ አባት ነው፣ ደስ ብሎታል። «ሰርግ እኮ ነው፣ ታዲያ ምን እናድርግ፣ እናልቅስ?» አለው እየሳቀ።

አባቴ ኮቱን ከተሰቀለበት አወረደና ምሳ ሳይቀምስ ወጣ። በእኛ አገር የዘመድን ሰርግ ማዕድ ረግጦ መውጣት ቀላል ነገር አይደለም፤ እናቴ ወንድሟንና ባሏን ተራ በተራ እያየች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። ከዚያ ቀን በኋላ አጎቴ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣቱን ተወ፣ ሽማግሌ ቢልክም አባቴ «በልጄ ላይ ነው የጨፈረው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም።

ጠቡ ከሁሉ ይልቅ የደረሰው እኔ ላይ ነው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ደረቴ ታማሚ ነበር፣ የደሴ ክረምት ሲገባና የጦሳ ተራራ ጭጋግ ቧንቧ ውሃ ድረስ ሲወርድ ትንፋሼ ሲር ሲር እያለ ያፍነኝ ስለነበር፣ ሐኪሙ ቆላ ትክረም ባለው መሠረት በየዓመቱ ከሰኔ እስከ ጳጉሜ የምኖረው አጎቴ ቤት ነበር። ያን ዓመት ሰኔ ገባ፣ ሰኔ ተጋመሰ፣ ማንም ስለ ኮምቦልቻ አላነሳም። ትራስ ደራርበው አስቀምጠው ያስተኙኝ ነበር፤ መተንፈስ ሥራ ሆኖብኝ፣ ከአልጋ እስከ በሩ ለመድረስ ሁለት ጊዜ አርፍ እንደነበር አስታውሳለሁ። አንድ ቀን ጠዋት እናቴ የአባቴን ሻይ አስቀመጠችለትና ቆመች።

«ሰይድ፣ የልጅቱ ደረት ስለ ካሴት የሚያውቀው ነገር የለም» አለችው።

አባቴ ሻዩን ሳይጨርስ፣ «መናኸሪያ አደርሳታለሁ፣ ለረዳቱ አደራ እሰጣታለሁ። የዚያን ሰው ደጃፍ ግን አልረግጥም» አለ።

አዝሎኝ ሄደ፣ ትልቅ ልጅ ነበርኩ፣ እግሬ ይንጠለጠል ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ አስቀመጠኝ፣ ረዳቱን አስጠነቀቀው፣ ወረደ። ሞተሩ ተነሥቶ ጭሱ በመስኮት ሲገባ ሳል ያዘኝና አልለቅሽ አለኝ። አባቴ መስኮቱ ላይ ቆሞ አየኝ። አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር በሩን ይዞ ወጣና አጠገቤ ተቀመጠ። የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንወርድ ጀርባዬን በእጁ ደግፎ ይዞኝ ነበር፣ አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ትንፋሼ ቀስ በቀስ ሲፈታ እሱም አብሮኝ ይተነፍስ ነበር።

አጎቴ ይማም በር ላይ ሲያየን ደነገጠ፣ ከዚያ መጀመሪያ እኔን ተቀብሎ ሳመኝ።

«አሰላሙ አለይኩም ጋሽ ሰይድ። ይግቡ እንጂ።»

«ወአለይኩሙ ሰላም። ልጅቱን ላድርስ ብዬ ነው፣ አልቀመጥም።»

«አብሽሩ፣ ቁጭ ብለው ውሃ ይጠጡና ይሄዳሉ።»

አባቴ ተቀመጠ። ኮቱንም ሳያወልቅ ከኪሱ የራሱን ካሴት አወጣ፤ ለካ ከጥር ጀምሮ ይዞት ይዞር ነበር። «ይኸው፣ ትክክለኛው ይህ ነው። ስማና እናንተ ምን እንዳደረጋችሁት እወቅ» አለው። አጎቴ ካሴቱን ተቀብሎ በራሱ ቴፕ ከፈተው፣ ዘፈኑም እንደ ሰኞ ገበያው እየተጎተተ መጣ። አወጣውና የራሱን አስገባ፣ በዚያው ቴፕ፣ ማንም ምንም ሳይነካ፣ ዘፈኑ ሮጠ። ሁለቱም ቴፑን አዩት፣ ከዚያ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አጎቴ የአባቴን ካሴት መልሶ ከተተና አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው አዳመጠው። ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

«ስትሰሙ የከረማችሁት ይህን ነው? ጋሽ ሰይድ፣ እኔ ይህን ሰምቼ ቢሆን ወላሂ እግሬም አይነሳልኝም ነበር። አፉ ይበሉኝ።»

አባቴ ካሴቱን ከቴፑ አወጣ። «አፉ ብያለሁ» አለ በመጨረሻ፣ «አሁንም ግን አልጨፍርም።»

መጀመሪያ የሳቀችው የአጎቴ ሚስት ናት። «እንግዲያው የሰርጉን ምሳ አሁን ይብሉልን» ብላ ማዕድ አቀረበች፣ አባቴም ኮቱን አውልቆ በላ።

ጥፋቱ ኋላ ተገኘ። የደሴ ሰው ካሴቱን ያስቀዳው ከአንድ ቀጂ ነበር፣ የዚያ ሰው ማጫወቻ የውስጥ ላስቲክ በዚያ ሰሞን ተበጥሶበት ከመኪና ጎማ ቆርጦ በሠራው ተክቶት ኖሮ፣ ላስቲኩ ላልቶ ዘፈኑን ሁሉ ሲጎትተው ከርሟል። ቀጂው እንደገና በነጻ ልቅዳላችሁ ሲል ብዙዎቹ ካሴታቸውን ይዘው ተሰለፉ፣ መምህሩም ከሰልፉ ውስጥ ነበር፣ ስለ ብስለትም ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አላነሳም። አባቴ ግን አላስቀዳም። አጎቴም የተጎተተውን ካሴት ተውሶ ወስዶ ለራሱ አስቀዳው።

አልሐምዱሊላህ፣ ኡመር በሦስተኛው ዓመት ከስቶና አንድ ጆሮው ደክሞ ተመለሰ። አባቴና አጎቴ አስቀምጠው ሁለቱንም አሰሙት፣ ብይኑን እየጠበቁ። ኡመር በደህናው ጆሮው ጨርሶ ሰማና፣ «ሦስተኛው ካሴት ምኑም አይጥመኝም። ሁለተኛውን ክፈቱልኝ» አለ። አባቴ እስኪያነባ ድረስ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ዛሬ ልጆቼ አንድ ሶፋ ላይ ተደርድረው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ዘፈን ጆሯቸው ውስጥ ሰክተው ይውላሉ፣ በዘፈንም አይጣሉም፣ እኔም ጠብ ናፍቆኝ አላውቅም። ሦስተኛው ካሴትም ስልኬ ውስጥ አለ፣ እንደ ኮምቦልቻው ይሮጣል። ይህን ታሪክ ስነግረው ትንሹ ልጄ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው ነቅሎ፣ «ታዲያ አያቴ ተሳስቶ ነበር ማለት ነው?» አለኝ።

«አዎ፣ ተሳስቶ ነበር» አልኩት። «አውቶቡሱ ላይ ሲወጣ ግን መሳሳቱን አያውቅም ነበር።»