ብሎክ ሁለትን ያስለቀቅንበት ሳምንት

የመጀመሪያ ቀን ሥራ የገባሁት ነጠላ ጫማ አድርጌ ነው። ፎርማናችን ጋሽ ዘውዴ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና፣ «በዚህ ጫማ ሰርግ ልትሄጂ ነው ወይስ ኮለን ልትቆጥሪ?» አሉኝ።

«ሁለቱንም» አልኳቸው። ሳቁ። ሄልሜት ሰጡኝ፤ ሰፍቶኝ አፍንጫዬ ላይ ወረደ። ሥራው ግን ልኬ ነበር!

የተቀጠርኩት የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጨርሼ ውጤት ስጠብቅ ነው። መደቡ «ጊዜያዊ መዝጋቢ» ይባላል፤ ከእኔ በታች ማንም የለም። አሁን አስራ አራት ወር ሆኖኛል። ትዝታ ለመጻፍ ያንሳል የምትሉ፣ ጂንካ ውስጥ ከእኔ የበለጠ ኮለን፣ ማለትም የሕንፃ ምሰሶ፣ ያንኳኳች ልጃገረድ ካለች አምጧት።

የመሥሪያ ቤታችን ሥራ ግንባታቸው ተቋርጦ ባለቤታቸው የጠፋ አፓርታማዎችን መመርመር ነው። ሰፈራችን ውስጥ ሦስት ብሎክ ነበሩ፤ ባለ አራት ፎቅ፣ በር የላቸው፣ መስኮት የላቸው። አናታቸው ላይ የፌሮ ብረቱ እንዳልተበጠረ ፀጉር ቆሟል። ቤት ያጣ ይኖርባቸዋል። ለቅዳሜ ገበያ ከገጠር የሚመጣውም ዓርብ ዓርብ ያድርባቸዋል።

አሠራሩን ያስተማሩኝ ኢንጂነር ራሔል ናቸው። «መጀመሪያ ቱንቢ ጥለሽ ዝንባሌውን ለኪ። ከዚያ እያንዳንዱን ኮለን በመዶሻ ነካ ነካ አድርጊ፤ አንዴ ጉልበትሽ ጋ፣ አንዴ ደረትሽ ጋ፣ አንዴ ራስሽ ጋ። ድምፁን ጻፊ።» ደህና ኮለን መዶሻውን ቃ አድርጎ ይመልሰዋል። የታመመው ድፍ ብሎ ይውጠዋል።

የብሎክ ሁለት የማዕዘን ኮለን ድፍ አለ። ከላዩ በአግድም የተጋደመው ቢም ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ላይ ጄሶ ለጥፈን ቀኑን ጻፍንበት። ጄሶው ከተከፈለ ሕንፃው እየተንቀሳቀሰ ነው ማለት ነው።

ከዚያ ስህተቴ መጣ። የአደጋ ምልክቱን ቀለም እኔ ካልቀባሁ ብዬ ለመንኩ፤ «ይሁን» አሉኝ ኢንጂነር። ብሎክ ሁለትን በአራቱም ጎን ከቁመቴ የሚበልጥ ቀይ ኤክስ ቀባሁት። እስከ ክርኔ ቀልቼ፣ እየዘፈንኩ ነው ቤቴ የገባሁት።

ሰኞ ስንመለስ ብሎክ ሁለት ጢም ብሏል። ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቷል፣ ዶሮ ይጮሃል። አንድ ሰውዬ አልጋ ተሸክሞ ደረጃ ይወጣል።

«ወዴት ነው?» አሉት ጋሽ ዘውዴ።

«ምዝገባ ሳይጀመር ልግባ ብዬ ነዋ!» ወደ እኔ ዞረ። «እህቴ፣ ምትክ ቦታ ሲታደል እንዳትረሺኝ።»

በከተማችን ቀይ ኤክስ የተቀባ ቤት ይፈርሳል፤ ነዋሪው ምትክ ቦታ ይሰጠዋል ተብሎ ይታመናል። ይህን ሕፃን እንኳ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ! ብሩሽ ስይዝ ግን ረሳሁት። ሰው ላስወጣ ብዬ ሰፈሩን ጠርቼ አስገባሁ። ኢንጂነር በሳቅ ፈረሱ፤ ቀና ብለው ቢሙን ሲያዩ ግን ሳቃቸው ቆመ።

ማስታወቂያ ለጠፍን። «ሕንፃው ለሰው ሕይወት አስጊ መሆኑ በባለሙያ ስለተረጋገጠ…» ይላል። ባለ አልጋው ጮክ ብሎ አነበበውና፣ «ምትክ የሚለው መስመር የቱ ጋ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ረቡዕ ዝናብ ሲጥል አደረ። ሐሙስ ጠዋት ጄሶው ለሁለት ተከፍሏል። ኢንጂነር የማፍረሻ ፈቃድ ለማስፈረም ሲሮጡ፣ «ነገ ዓርብ ነው፤ ገበያተኛው ይመጣል። ዛሬውኑ አንድ ሰው እዚህ ውስጥ እንዳይቀር!» አሉን።

ነዋሪው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፦ «እማማ አስቴር ከወጡ እንወጣለን።»

እማማ አስቴር ሸክላ ሠሪ ናቸው። ሕንፃው ከተተወ ጀምሮ ምድር ቤቱን መጋዘን አድርገውታል። ማሰሮው እስከ ወገብ ተደርድሯል፤ የተደረደረውም እዚያው የታመመው ኮለን ሥር ነው። እሳቸውም እናቴም አሪ ስለሆኑ በአሪኛ ለመንኳቸው።

«ልጄ፣ ይህ ቤት አንቺ ጥርስ ሳታወጪ ቆሟል። ዛሬ በምን ታወቀሽ?»

«ማስታወቂያው ላይ…»

«የጻፈው ሰውዬ ቤቱን አይቶታል?»

በዚህ መሃል አንዲት ገዢ መጣች። እማማ አስቴር አንድ ማሰሮ አንስተው በጣታቸው አንጓ መቱት፤ እንደ ቃጭል ጮኸ። ሁለተኛውን መቱት፤ ድምፁ ሞተ። «ይሄ ውስጡ ተሰንጥቋል» ብለው ወደ ጎን አደረጉት። በዓይን ምንም አይታይበትም!

ያኔ መዶሻዬን አንስቼ፣ «እማማ፣ እስቲ ይህንንም ይስሙልኝ» አልኳቸው። ደህናውን ኮለን መታሁ፤ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። የማዕዘኑን መታሁ። ድፍ።

መዶሻውን ከእጄ ነጠቁኝ። ራሳቸው መቱ። ጆሯቸውን ለጥፈው ደግመው መቱ።

«ይሄ ገበያ አይወጣም» አሉ። ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ደረጃው፣ በአሪኛም በአማርኛም ይጮሁ ጀመር።

ወይ ያ ቀን! ጋሽ ዘውዴ የመሥሪያ ቤቱን መጋዘን ለነዋሪው ከፈቱ። እኛ ተሰልፈን ማሰሮ ከእጅ ወደ እጅ ተቀባበልን። እማማ አስቴር ሄልሜቴን በአንጓቸው ኳ ኳ አድርገው፣ «የዚህችም ድምፅ አጠራጥሮኛል» ሲሉ ሰልፉ በሳቅ ፈረሰና አንድ ማሰሮ ተሰበረ። ባለ አልጋው መጨረሻ ወረደ።

«ምትኩስ?»

«ምትኩ ነፍስህ ነው! አልጋህን ያዝና ውጣ!» አሉት እማማ አስቴር።

ዓርብ የመጡትን ገበያተኞች አጥሩ ጋ ቆመው የመለሱትም እማማ አስቴር ናቸው።

ቅዳሜ፣ ገበያው ደርቶ ሳለ፣ የማዕዘኑ ኮለን ቁጭ አለ። የፎቁ ወለል፣ ሶሌታው፣ ተከትሎት ወረደ። አቧራው እኔና ነዋሪዎቹ እስካለንበት ገበያ ድረስ መጣ። ስልኬ ጮኸ፤ ኢንጂነር ናቸው።

«ሥሩ ሰው ነበር?»

«ማንም!»

«በምን አወቅሽ?»

«ሁሉም አጠገቤ ናቸው!» አልኩ። እየዘለልኩ ስማቸውን አንድ በአንድ ጠራሁ። አቧራ እንደለበሱ፣ ስልኩ ውስጥ እስኪሰማ ድረስ «አቤት!» አሉ።

ብሎክ አንድና ሦስትን ያለ ቀለም አስለቀቅናቸው። አዲስ ለምትገቡ መዝጋቢዎች የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ሕንፃው አደገኛ መሆኑን ለነዋሪው መንገር ብቻውን አይሠራም። መዶሻውን ስጡትና ራሱ መትቶ ይስማ።