የመስኮት ዘመዶች

ዛሬ ጠዋት የቢሮዬን መስኮት ስከፍት ዝናብ የነካው የባሕር ዛፍ ሽታ ገባ። ማጠፊያው ሲጥ ሲል አፌ ሳላዘው መስኮቱን በፈረንሳይኛ «ፍኔትር» አለ። ጉንደ ወይን ያለችው የአባቴ ጓዳ ትዝ አለችኝ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ለአንድ የደብረ ኤልያስ ነጋዴ ልጅ ሊድረኝ ቃል ሰጥቶ ከትምህርት ቤት አስቀረኝ። አልፈልግም ብል ጭራሽ ጓዳ ተዘጋብኝ። ጓዳዋ ከደብተር የማትሰፋ አንዲት መስኮት ነበረቻት። ቅርጫት እንደተደፋባት ዶሮ ሆኜ፣ የብርሃኗ ቁራጭ ግድግዳው ላይ ስትሄድ እያየሁ እውል ነበር።

ግቢያችን ውስጥ የተከራዩ ጡረተኛ የቋንቋ መምህር ነበሩ። ከሰዓት በኋላ በርጩማቸውን ከመስኮቴ ሥር አስጠግተው ያስተምሩኛል። አባቴ ዝም አላቸው፤ ከበሩ እስካላስወጡኝ ድረስ ምን ገዶት።

አንድ ቀን መስኮቷን በዱላቸው ነካ አድርገው፣ «የዚችን ዘር እንቁጠር» አሉኝ። እናትየዋ የሮማውያን ቃል፣ ፌኔስትራ ናት። ጣሊያን ቤት ፊኔስትራ፣ ጀርመን ቤት ፌንስተር ተባለች፤ ፈረንሳይ ቤት ስትደርስ መካከሏ ሟሙቶ ፍኔትር ሆነች።

«ስፔን ቤት ቬንታና የምትባለውስ፣ መምህር? ይመሳሰላሉ እኮ።»

«መመሳሰል ዝምድና አይደለም። እሷ የነፋስ ልጅ ናት፤ ነፋስ ከሚለው ቃል ነው የወጣችው። ያልተዛመደን አዛምዶ መቁጠር ነውር ነው፣ ልጄ።»

የጋብቻው ሽማግሌዎች መጡና እንደ ወጉ ሰባት ቤት ተቆጠረ። እስከ ሰባተኛው ትውልድ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻ የለም። የልጁ ወገን ቆጠረ፣ አባቴ ቆጠረ፣ የሚገናኝ ጠፋ። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። መምህሩ የደብረ ኤልያስ ተወላጅ ስለሆኑ ለምስክርነት ተጠርተው ነበር። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንዲት ሴት ዘላችኋል» አሉ።

ስድስተኛው ቤት ላይ ሁለቱንም ወገን የወለደች ናት ብለው፣ ስሟን ከተቀበረችበት ደብር ጋር ተናገሩ። በሐሰት የማይታሙ ሰው ነበሩና ማንም አልተከራከራቸው። ጋብቻው ፈረሰ፤ በሳምንቱ ደብተሬን ይዤ ከግቢ ወጣሁ።

ከዓመታት በኋላ የአባቴን ታላቅ እኅት ስለዚያች ሴት ጠየቅኋት። «በዘራችን እንዲህ የምትባል ሰው የለችም» አለችኝ። ሄጄ ለመምህሩ ነገርኳቸው። «ነውር ነው ብዬሽ አልነበር?» አሉኝ። ያንን ነውር ለእኔ ሲሉ ተሸክመው አረፉ።

በየዓመቱ ሙት ዓመታቸውን ሳወጣ ቄሱ ስም ይጠይቁኛል። የእሳቸውን እሰጣለሁ። ከዚያ የዚያችን ሴት እጨምራለሁ።

«ምንሽ ናት?» ይሉኛል።

«አያቴ» እላለሁ።