ቃሌን ቆረጠች ያልኳት ልጅ

ይህን ነገር ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም፣ ቀኑን ሙሉ አንገታቸውን ለምላጬ ለሚሰጡኝ ደንበኞቼም ተናግሬው አላውቅም። እናንተ ስለማታውቁኝ መጀመሪያ ለእናንተ መናገር ይቀለኛል።

እኔ አዳማ ውስጥ የወንዶች ጸጉር አስተካካይ ነኝ። ጸጉር ቤት እንደምታውቁት ፓርላማ ነው፤ በኔው ፓርላማ ደግሞ አፈ ጉባኤውም ተቃዋሚውም እኔው ነኝ። ቶንዶሱን ሳስነሳ አፌም አብሮ ይነሳል። ስለ መብራቱ፣ ስለ ዘይት ዋጋ፣ ስለ ባጃጆቹ መስመር፣ ከሁሉም በላይ ስለ ውሃው እናገራለሁ። ያኔ ሰፈራችን የቧንቧ ውሃ ካየ ቆይቶ ነበር። የደንበኛ ራስ የማጥበው በአህያ ጋሪ በመጣ ውሃ ነበር፤ ስቆጥብ ሁልጊዜ ጆሮ ላይ አረፋ ይቀር ነበር። «ማይክ ብቻ ይስጡኝ!» እል ነበር እኔ። «አንድ ቀን ማይክ ይስጡኝና ታያላችሁ!»

ሰጡኝ።

አንዲት ወጣት ጋዜጠኛ ከካሜራ ባለሙያዋ ጋር የነዋሪ አስተያየት ልትሰበስብ መጣች። ደንበኞቼ እኔን ገፍተው አወጡኝ፤ ከኔ የተሻለ ማን ይናገር? ጸጉር ቤቴ በር ላይ አቆመችኝና «ጋሼ፣ የቸገራችሁ ነገር ካለ ሳይፈሩ ይንገሩኝ» አለችኝ። ይህን አስምሩበት። ማንም አላስፈራራኝም፤ ማንም አላስጠናኝም። ማይኩ አገጬ ስር ሲደርስ ግን ድምፄ ወፈረ፣ ደረቴ ተነፋ፣ ዕድሜ ልኬን ከቴሌቪዥን የሰማሁት አነጋገር ሳልጠራው መጣ። «የአካባቢያችን ነዋሪ ለረጅም ጊዜ ሲያነሳው የነበረው የውሃ ጥያቄ ምላሽ በማግኘቱ የተሰማንን ደስታ እንገልጻለን» አልኩ። እኔ! የቱ ምላሽ? የምን ደስታ? ልጅቷ ግራ ገብቷት «ውሃው መጥቷል ማለት ነው?» ብላ ደግማ ጠየቀችኝ። «በሚገባ!» አልኩ። ለምን አልኩ? እንዲያ ስናገር ያማረብኝ መስሎኝ ነው። ሌላ ምክንያት ብፈልግም አላገኘሁም።

ዜናው ሲተላለፍ ሰፈሩ ሁሉ ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ፊት ተሰብስቧል፤ የጠራኋቸው ራሴ ነኝ። እኔ «በሚገባ!» ስል ከኋላዬ አዴ ከድጃ ቢጫ ጀሪካኖቻቸውን በጋሪ ጭነው ይታያሉ። አዴ ከድጃ ከአርሲ የመጡ ቅመም ነጋዴ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸውም የሚፈራቸውም ጎረቤታችን ናቸው። ሳቁ ሻይ ቤቱን ሊያፈርሰው ደረሰ። ከዚያ ሳቁ አለቀና ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

ትልቁ ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። እዚያው ብተወው ኖሮ ተስቆብኝ ያልፍ ነበር። እኔ ግን «ቆርጠውት ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ውሃው ቢመጣ ደስታችንን እንገልጽ ነበር ነው ያልኩት፤ ያቺ ልጅ ናት ቆርጣ የቀጠለችው!» አመኑኝ። እንዴት አያምኑኝ፣ አፌን ያውቁታል።

ከሁሉ የተቆጡት አዴ ከድጃ ነበሩ። በማግስቱ የሰፈሩን ሴቶች ባዶ ጀሪካን አስይዘው ወደ ውሃ ቢሮ ሄዱ፤ እኔንም እጄን ይዘው ከፊት አሰለፉኝ። «የልጃችንን ቃል ቆርጣችሁብናል! ወይ ቃሉን መልሱ፣ ወይ ውሃውን አምጡ!» አሉ። ኃላፊው ስለ ዜናው የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ቃል መመለስ ስላልቻለ ባለሙያ ላከ። ባለሙያው ቢቆፍር፣ ለካ መንገድ ሲሠራ የተዘጋውን መስመር ሳይከፍቱት ረስተውት ኖሯል።

ውሃው የመጣ ዕለት ብታዩን! ቧንቧው መጀመሪያ ጉሮሮው እንደተዘጋ ሽማግሌ አሳለ፣ ከዚያ ጭቃ ተፋ፣ ከዚያ ጠራ። አንዱ «ቢሻን ዱፌ!» እያለ ከግቢ ግቢ ሲሮጥ ሌላው «ውሃ መጣ!» ብሎ ይቀበለዋል። እልልታው፣ መረጫጨቱ ለጉድ ነበር። አዴ ከድጃ በዚያ ዕድሜያቸው በጣሳ ውሃ አሳደዱኝ፤ አበስብሰውኝ ሲያበቁ «የመጣው በዚህ ልጅ ነው!» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። እስከ ዛሬም ቧንቧ በከፈትኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ልጅቷስ? እሷ በኛ ሰፈር «ቆራጯ» ሆና ቀረች። ለሌላ ዘገባ ስትመጣ ሴቶቹ በር ዘጉባት፤ ሻይ ቤቱም ሻይ አልሸጥልሽም አላት። አዴ ከድጃ ጣታቸውን አፍንጫዋ ስር ቀስረው «ዛሬ እንዳትቆርጪ!» አሏት። ልጅቷ ወደ እኔ አየች። አንድ ቃል ብትናገር አለቀልኝ፤ ቅጂው ያለው እሷ ጋ ነው። እሷ ግን «እሺ አዴ፣ አልቆርጥም» ብላ ማይኩን ለኔ ዘረጋች። እኔም ስለ ክረምቱ ጎርፍ ምን የመሰለ እውነት ተናገርኩ፤ ምንም ሳይጎድል ተላለፈ። «አየህ፣ ስንቆጣት ተማረች» አሉኝ ጎረቤቶቼ። እኔስ ምን አደረግኩ? አዎን ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። የማላውቃትን ልጅ ሁለት ጊዜ በደልኩ፤ መጀመሪያ በአፌ፣ ኋላ በዝምታዬ።

ሰሞኑን አንድ ደንበኛ ያን የድሮ ዜና ሊስቅብኝ በስልኩ ከፈተልኝ። እኔ ግን ከኋላዬ ያለውን ጋሪ አየሁ። አዴ ከድጃ ዝም ብለው አላለፉም ኖሯል። ጋሪውን አስቁመው፣ አንገታቸውን ወደኔ አስግገው ሲሰሙ ይታያሉ። «በሚገባ!» ስል በሻሻቸው አፋቸውን ሸፍነው ይስቃሉ። ሁሉንም በጆሯቸው ሰምተዋል!

ሄድኩባቸው። አፌን ሳልከፍት እጃቸውን አነሱ።

«ተው ጌታሁን፣ ሰፈሩ ውሃ እየጠጣ ነው። ቢሮ ለመሄድ ሰበብ ያስፈልገን ነበር፤ አንተ ሰጠኸን» አሉና ሳቁ።

«የልጅቷስ ነገር፣ አዴ?»

ሳቃቸው ቆመ። በርበሬያቸውን መንፋት ጀመሩና «እሷን እንኳ በድለናል» አሉ ቀስ ብለው።

እሳቸው የራሳቸውን ራሳቸው ይናገሩ። እኔ ግን የራሴን ድርሻ፣ እዚህ እንደጻፍኩት፣ እሑድ ዕድሩ ሲሰበሰብ በሰፈሩ ሁሉ ፊት አነብበዋለሁ። ልጅቷንም ጠርቻታለሁ፤ ካሜራዋን ይዛ እንድትመጣ ነው የነገርኳት። ይስቁብኝ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ግን ልጄ፣ ውሃው ስለመጣ ጥፋቴ ቀረ ብዬ አላመካኝም። ያኔ አንድም ቃል አልቆረጥሽብኝም። ሁሉንም የተናገርኩት እኔ ነኝ።