ጫማ የሚጠገንበት ሰፈር

ሰውየውን የሚያውቀው ሁሉ «አሰልጣኙ» ይለዋል። በዕድሜው ዶሮ እንኳ አሰልጥኖ አያውቅም። ስሙ የወጣለት በመሃል ከተማ ካለ ትልቅ የስፖርት ዕቃ መሸጫ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ፊሽካ በአንገቱ አንጠልጥሎ ስለተንበረከከ ነው። ፊሽካውን ያንጠለጠሉለት ባለሱቁ ናቸው፤ ለማስታወቂያ። መንበርከኩ ግን የራሱ ጥበብ ነበር። የደንበኛውን እግር እንደ አራስ ልጅ አንገት ደግፎ ይይዛል፣ የጫማውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ጫን ያደርጋል፣ አሮጌውን ጫማ ገልብጦ ሶሉን ያያል፤ ከዚያ ይፈርዳል። «ግራ ጉልበትዎን ያምዎታል አይደል?» ሲል የሚያማቸው ይደነግጡ ነበር፤ የማያማቸውም እያነከሱ ይወጡ ነበር።

በሃያ ሦስተኛው ዓመት ኳስ ከመሸጥ ስልክ መሸጥ እንደሚሻል ለባለሱቁ ተገለጸላቸው። መደርደሪያው በአንድ ሳምንት ተነቀለ። ለአሰልጣኙ ንግግር ተደረገለት፣ ተጨበጨበለት፣ የግድግዳ ሰዓት ተሸለመ። ጊዜውን ወስደው ሰዓት ሰጡት፤ እሱም አመስግኖ ወጣ።

ሥራ የፈታን ሰው ሁለት ነገር ያጠቃዋል፤ ጉንፋንና ሥልጠና። አሰልጣኙን ሥልጠናው ቀድሞ ያዘው። አንድ ቁልፍ እንኳ ሸጦ የማያውቅ ባለከረባት ለሦስት ቀን አዳራሽ ውስጥ አስቀምጦ ስለ ንግድ አስተማረው። ባለከረባቱ በየሰዓቱ «ቦታ! ቦታ! ቦታ!» እያለ ይጮሃል፤ ሁለት መቶ ሥራ ፈት እንደ ገደል ማሚቶ ይመልስለታል። በመጨረሻም ማኅተም ያለበት ወረቀት ታደለ። አሰልጣኙ ወረቀቱን ይዞ ቤቱ ሲገባ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ኳስ የለ፣ ማሊያ የለ፣ የሩጫ ጫማ ብቻ የሚሸጥ ሱቅ ሊከፍት ነው። የመሃል ከተማ ኪራይ የሚቀመስ ስላልሆነ ከከተማው ዳር ይሆናል። የትኛው ዳር? እሱ በጥናት ይታወቃል።

ለሱቁ መነሻ ገንዘብ የሚሆነው ግን ቤት ነበር። ወላጆቹ ለእሱና ለታላቅ እህቱ የተዉላቸው ባለ ሁለት ክፍል ቤት። አንዱ ክፍል የእሱ ነው። ሌላው የእህቱ፤ በመስኮቱ ሥር በእግር የምትረገጥ የልብስ ስፌት መኪናዋ፣ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋዋ። እናታቸው ስትሞት እሷ አሥራ ስድስት፣ እሱ አምስት ዓመታቸው ነበር። ትምህርቷን ጥላ መኪናው ላይ ተቀመጠች፤ እንደተቀመጠች ሃምሳ ስምንት ሞላት። ትዳር በመስኮቱ በኩል ሲያልፍ አይታዋለች፤ የሌሎችን የሙሽራ ልብስ እየሰፋች። ቤቱ ካልተሸጠ ሱቅ የለም፤ እሷ ካልፈረመች ሽያጭ የለም። ከፈረመች ደግሞ በዚህች ምድር ላይ የእኔ የምትለው ጣሪያ የላትም።

«እትዬ፣ በዓመቱ የዚህን ሁለት እጥፍ እገዛልሻለሁ» አላት።

«ምኑን?»

«ቤት ነዋ!»

«ይሄኛው ምን አለው?» አለች ክሯን በጥርሷ እየበጠሰች። «ስማ፣ መጀመሪያ ቦታውን አግኝ። ደህና ቦታ ካገኘህ እፈርማለሁ። ካላገኘህ እኔና መኪናዬ ከዚህ ንቅንቅ አንልም።»

አሰልጣኙ ደላላ ያዘ። ደላላ ማለት እሱ የማይኖርበት ሰፈር ሁሉ ገነት ነው ብሎ የሚምል ፍጡር ነው። የሥልጠናው መጽሐፍ «አላፊ አግዳሚውን ቁጠሩ» ይላል፤ አሰልጣኙ ግን ይህን ለጀማሪ ተወው። እሱ የራሱ ዘዴ አለው። በየሰፈሩ ጫማ ሰፊውን ይፈልጋል፤ ለጥገና የመጡትን ጫማዎች ያያል፤ የስፖርት ጫማ የበዛበት ሰፈር ስፖርተኛ የበዛበት ነው። እንዲህ ያለውን ስሕተት ተራ ሞኝ አይሳሳተውም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሶል ያነበበ ሊቅ ያስፈልገዋል።

መጀመሪያ የሄዱት ወደ ባለቪላዎቹ ሰፈር ነበር። አጥሩ ረጅም፣ መንገዱ ንጹሕ፣ ዛፉ የተከረከመ። ደላላው ጥግ ላይ ያለች ባዶ ሱቅ አሳየው። አሰልጣኙ ሱቋን ገና ሳያይ ጫማ ሰፊ ፍለጋ ዞረ፤ አጣ። አንዱን የበር ጠባቂ ጠየቀ።

«ወንድሜ፣ እዚህ ሰው ጫማው ሲቀደድ የት ነው የሚያሰፋው?»

ጠባቂው ሳቀ። «እዚህ ጫማ አይቀደድም ጋሼ። ሳይቀደድ ነው የሚጣለው። ይሄ እግሬ ላይ ያለው ከቆሻሻ መጣያ ነው፤ አዲስ አይመስልም?»

አእምሮ ያለው ነጋዴ ቢሆን የጠባቂውን ግንባር ስሞ ኪራዩን በዚያው ይፈርም ነበር። አሰልጣኙ ደብተሩን አውጥቶ «ጫማ ሰፊ የለም። እንቅስቃሴ የለም» ብሎ ጻፈ።

ሁለተኛው ሰፈር ታክሲ ተስፋ ቆርጦ የሚመለስበት ነው። ያላለቁ ሕንፃዎች ብረታቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው ቆመዋል፤ መንገዱ ዳገት ነው፣ አስፋልቱ ከግማሽ በላይ አልወጣም። ዳገቱ ወገብ ላይ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ጫማ ሰፊ ተቀምጧል። ከበላዩ በሚስማር ላይ፣ በማሰሪያቸው የተንጠለጠሉ የስፖርት ጫማዎች። አሰልጣኙ ቆጠረ። አርባ ሦስት! ልቡ ዘለለች። አንዱን ገልብጦ አየ፤ ተረከዙ አልቋል። ሌላውን አየ፤ ተረከዙ አልቋል። የሯጭ ሶል ከፊት፣ የመንገደኛ ሶል ከተረከዝ እንደሚያልቅ እሱ ራሱ ለስንት ደንበኛ አስተምሯል። አየው፤ አልታወረም። ግን ሰው የፈለገውን ካገኘ በኋላ ዓይኑን ምን ያደርግበታል? «ቁልቁለቱን ሲሮጡ ነው» አለ በልቡ።

«የዚህ ሰፈር ሰው ስፖርተኛ ነው መሰለኝ?» ብሎ ጠየቀ።

ጫማ ሰፊው ከሥራው ቀና ሳይል፣ «ምን ይጠየቃል ጋሼ! ሽማግሌው ሳይቀር። ታክሲው ዳገቱን እምቢ ብሎናል እኮ፣ ምን እናድርግ?» አለ።

ደላላው ሳቁን ወደ ሳል ቀየረው። አሰልጣኙ «ቦታው ይሄ ነው!» ብሎ ደብተሩን ዘጋ።

በሳምንቱ እህቱን አመጣት። ዳገቱን አምስት ጊዜ ቆማ ወጣች። ከቆርቆሮው ጥላ ሥር የተንጠለጠሉትን ጫማዎች እንደ ሀብት ቆጥሮ አሳያት። አየቻቸው። እጇን ሰድዳ አንዱን ዳሰሰች፤ በሦስት ዓይነት ክር ተሰፍቷል።

«እነዚህ ሰዎች አንተ ዘንድ ለምን ይመጣሉ?» አለችው።

«ሊገዙ!»

«ይሄን ሦስቴ ያሰፋ ሰው ሊገዛ?» አለች ጫማውን እንደያዘች። «አርባ ዓመት ሰፍቻለሁ። እኔ ዘንድ ለጥገና ይዞ የመጣ ሰው አዲስ ልብስ ሲያዝ አላየሁም። የሚያዘው ሌላ ነው፤ ሰፈሩም ሌላ ነው። ያ ጠባቂ ቆሻሻ ላይ አገኘሁት አለኝ ብለህ ያወራኸኝስ ሰፈር?»

እውነት ከሴት አፍ፣ ያውም ከልብስ ሰፊ አፍ ስትወጣ ለሊቅ ትመረዋለች። አሰልጣኙ ፊቱ ተለዋወጠ፤ በጫማ ሰፊውና በደላላው ፊት ተናገረ።

«አንቺ ስለ ገበያ ምን ታውቂያለሽ? ዕድሜሽን ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጠሽ! ሰው ሲያልፍ ከማየት በቀር ምን ሠርተሻል?»

ጫማ ሰፊው መርፌውን አቆመ። ደላላው ስልኩን መጎርጎር ጀመረ። እሷ ጫማውን በቀስታ ወደ ሚስማሩ መለሰችው።

«አንተን ሠርቻለሁ» አለች። «ይኸው ነው ያወቅኩት።»

ከዚያም ሄዳ ፈረመች። ለምን እንደፈረመች ለሚጠይቅ፣ ያሳደጉትን ልጅ እምቢ ማለት የሚያስተምር የሦስት ቀን ሥልጠና እስካሁን አልተከፈተም። ከውል ጸሐፊው ጠረጴዛ ፊት ብዕሩን ይዛ ትንሽ ዘገየች። «ልክ ብትሆን ደስ ይለኛል» አለችው፣ «ካልሆንክ ግን ሌላ ቤት የለኝም፤ ይህን ዕወቅ።» እሱ የፊርማውን ቦታ በጣቱ አሳያት።

የገዛው ሰው ቤቱን በሁለተኛው ሳምንት አፈረሰው። ሱቁም ተከፈተ። ፊት ለፊቱ መስታወት፣ ግድግዳው ሙሉ ጫማ፣ ወለሉ ላይ ደንበኛ ሮጦ የሚሞክርበት ቀይ ምንጣፍ። እህቱ ከሱቁ ጀርባ መስኮት በሌላት ክፍል ገባች፤ ለካርቶን ማስቀመጫ የተሠራች ናት፤ አሁንም ካርቶን ይቀመጥባታል። መኪናዋን ያስገባችው በጎኑ አጋድማ ነው።

ሰው መጣ፤ አልመጣም አይባልም። በመጀመሪያው ቀን አሥራ ሰባት ሰው ገባ። አሥራ አንዱ የተቀደደ ጫማ ይዘው «ትጠግናላችሁ?» አሉ። ሦስቱ ማስቲሽ ጠየቁ። የቀሩት ከዝናብ ሊጠለሉ ነው። አንዱን የቀን ሠራተኛ በግድ አስቀመጠውና ተንበረከከ። ሰውየው እግሩን ሰበሰበ።

«ኧረ ይቅርብኝ ጋሼ፣ እግሬ ሲሚንቶ ነው።»

«ግዴለም፣ እኔ እግር አይከብደኝም። አየህ፣ ይሄ ጫማ ተረከዝህን ይይዝልሃል። ተነስና ሩጥበት!»

ሰውየው ቀዩ ምንጣፍ ላይ ቆሞ እግሩን አየ። ዋጋውን አየ። «ይሄን አድርጌ ሥራ ብሄድ ፎርማን ሆንክብኝ ብሎ ነው ቀጣሪዬ የሚያባርረኝ» አለና አወለቀው። ሁለቱም ሳቁ። የሰውየው ሳቅ እውነተኛ ነበር።

በሦስተኛው ወር አንዲት ሴት መንገድ ጠፍቷት በመኪና መጣች፤ የሩጫ ልብስ ለብሳለች። በአሥር ደቂቃ ሁለት ጥንድ ጫማ ዋጋ ሳትጠይቅ ገዛች። ስትወጣ፣ «እኛ ሰፈር ብትከፍት ምን ነበረበት? ስንት የሚሮጥ ሰው አለ፤ ለአንድ ጫማ እስከ መሃል ከተማ እንጓዛለን» አለችው። ሰፈሯን ነገረችው። አጥሩ ረጅም፣ ዛፉ የተከረከመው ነው። አሰልጣኙ «ጥናታችን…» ብሎ ጀመረ። ሴትዮዋ መኪናዬን ዳገቱ ገደለው ብላ ሄደች፤ አልተመለሰችም።

እህቱ ከክፍሏ መጋረጃ ጀርባ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። በጨለማ ክፍል ውስጥ ዓይኗ መርፌ መስደድ እያቃተው ስለሄደ በአምስተኛው ወር መኪናዋን ጎትታ ከመስታወቱ ጀርባ ተከለችው። እሱ «ሱቁን ገበያ አስመሰልሽው!» ብሎ ጮኸ። ሰው ግን ቀሚስና ሱሪ ይዞ መጣላት። የሁለት ወር ኪራይ ከእሷ እግር ወጣ። የሦስተኛው አልወጣም። ባለሕንፃው መዝጊያው ላይ ሌላ ቁልፍ ደርቦ ጫማዎቹን በዕዳው ያዘ፤ አሰልጣኙ ቅዳሜ ጠዋት ከሚያድርበት ጓደኛው ቤት ሲመጣ እህቱን ከነፍራሿ ደጅ ላይ አገኛት፤ በሩን ከፍቶ መግባትም አልቻለም። መኪናዋን ለማስወጣት ባለሕንፃውን መለመን የነበረባት እሷ ናት። ለመነች፤ ወጣላት። በማግሥቱ ሸጠችው፤ የአክስታቸው ልጅ «አንቺን ከሆነ እንጠጋጋለን፣ መኪናው ግን ይጮሃል» ብላለችና።

መጠጋጋት ማለት መተላለፊያው ላይ የተዘረጋ ታጣፊ አልጋ ነው። በአንድ ወገን ወጥ ቤት፣ በሌላው ወገን ሽንት ቤት። አሰልጣኙ እዚያው ጓደኛው ቤት ወለል ላይ ያድራል፤ የሚያገኘውን ሰው ሁሉ ግን «ሰፈሩ ስፖርት አልገባውም» እያለ ይመክራል። አንድ ከሰዓት እህቱን ሊጠይቅ መጣ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱን እያሻሸ በልቡ ሲያብላላው የከረመውን ተናገረ።

«እንዲያው ለነገሩ፣ አንቺም እምቢ ማለት ነበረብሽ።»

አየችው። ፊቷ ላይ ቁጣ ቢፈልግ አላገኘም።

«አዎ» አለች። «ነበረብኝ።»

የአክስታቸው ልጅ የውሃ ባልዲ ይዛ ከወጥ ቤት ወጣች። እሷ እንድታልፍ እህቱ እግሯን ሰበሰበች።